የእናት ቤት ደርብ

አምቦ ውስጥ የሠርግ ኬክ ለማሠራት ፍቅርተ ዘንድ የሄደ ሰው "ስንት ኪሎ ይሁን?" ተብሎ እጠየቃለሁ ብሎ ከጠበቀ ተሳስቷል። ኪሎ የሥጋ ነው ትላለች ፍቅርተ። እሷ የምትጠይቀው "ማን ማን ቤት ይገባል?" ብላ ነው። ደንበኛው ግራ ገብቶት ሲያያት እርሳሷን ከሻሿ ሥር መዝዛ ታስረዳዋለች። ታችኛው ደርብ እዚያው አዳራሽ ተቆርጦ ለእንግዳ ይታደላል። ከእሱ በላይ ያለው ሳይነካ የሙሽራው አባት ቤት ይገባል። ከዚያ በላይ ያለው የሙሽሪት እናት ቤት ሄዶ ለጎረቤት ይቆረሳል። ጫፉ የሙሽሮቹ የራሳቸው ነው። እንግዲህ የደርቡ ስፋት የሚወሰነው የየቤቱ ዘመድና ጎረቤት ብዛት ታይቶ ነው።

ይህን ወግ ከየት አመጣችው ብትሉ ከገዛ ራሷ ጭንቅላት ነው። ድሮ ሆቴል ወጥ ቤት ስትሠራ፣ ሙሽሮች አንድ ጊዜ ቢላ አስነክተውት የተዉት ኬክ እስኪደርቅ ቆሞ ሲጣል እያየች ትበሳጭ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የራሷን ኬክ ቤት ስትከፍት፣ እያንዳንዱ ደርብ ባለቤት ይኑረው ብላ ወሰነች። አሁን የአምቦ ሰው ከቅድመ አያቶቹ የወረሰው ይመስል ይከራከርበታል። ጣጣም አምጥቷል። ኬኩን ያየ ሰው ሁሉ ማን ከማን እንደተበለጠ ባንድ እይታ ስለሚያውቅ፣ በደርብ ምክንያት ተኳርፎ የቀረ ዘመድ አለ።

በየደርቡ መሃል ስምንት ሳንቲ ትቀንሳለች። ዙሪያውን ሁለት ሁለት ጣት ያህል ቦታ ይተርፋል፤ የክሬም አበባዎቿ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ካነሰ አበባው ይጨናነቃል፣ ከበዛ ደግሞ የላይኛው ከታችኛው ጋር የማይተዋወቅ ይመስላል። ለስፖንጁ ማራሻ የወንጪ ማር በትንሹ ትጨምራለች። እጇ ሙያ ያውቃል፤ ይህን ጠላቷም አይክድም። ቀናተኛ መሆኗን ደግሞ ወዳጇም አይክድም።

የቅናቷ መነሻ ሩቅ ነው። ባሏ ደግፌ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ሮማነወርቅ የአራት ዓመት ልጃቸውን ማኅሌትን ትታለት፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብላ ቤይሩት ሄደች። ሁለቱ ዓመት አልቆ ሌላ ሁለት ተጨመረ። በስልክ ተቀያየሙ፣ ቀጥሎም በሽማግሌ ተፋቱ። ደግፌ የልጁን ጸጉር መሥራት አቅቶት ሻሽ ጠቅልሎላት ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ፍቅርተ በየጠዋቱ ታየው ነበር። መጀመሪያ ለልጅቷ ጸጉር አዘነች። አዝና አዝና አባትየውን አገባች። ራሷ አልወለደችም። ልጄ የምትላት ማኅሌት ብቻ ናት።

ልጅቷ ፍቅርተን "አዮ" ትላታለች፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። ስልኩ ውስጥ ያለችውን ደግሞ "እማ" ትላታለች። ፍቅርተ ሁለቱን ቃላት ስንት ጊዜ በልቧ እንደመዘነቻቸው እግዜር ይወቀው። ማኅሌት ትንሽ ሳለች ለገና ቀይ ሹራብ ገዛችላት። በዚያው ሳምንት ሲረገጥ መብራት የሚበራ ጫማ በሰው እጅ ከቤይሩት መጣ። ልጅቷ ሹራቡን ወርውራ ጫማውን አድርጋ ጓሮ ለጓሮ ስትረግጥ ዋለች። ፍቅርተ መብራቱ በጠፋ ብላ ተመኘች። ጠፋ። ማኅሌት ስታለቅስ እሷም አብራ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ግን ከቤይሩት የመጣ እቃ ሁሉ ሲፈታ ወጥ ቤት የምትገባበት ሥራ አታጣም ነበር። ልጅቷ ትልቁ የጋዝ ምድጃ አጠገብ የቤት ሥራዋን እየሠራች አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተመረቀች። ሮማነወርቅ አንድም ቀን አልመጣችም። ያልመጣች ሴት ደግሞ አታረጅም፣ አትቆጣም፣ ልጅ አትገርፍም። ፍቅርተን ያንገበገባት ይኸው ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ማኅሌት ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ሮባ የሚባል የጊንጪ ልጅ ነው፣ ሚዛናዊ፣ ዝምተኛ። አባቱ ኦቦ ነገራ ግን ዝም ማለት የማይችል ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ከጊንጪ እስከ ጉደር ሕንፃ ያቆመ። ኬኩን የሚያሠራው የሙሽራው ወገን ስለሆነ ራሱ መጣ።

"ባለ አራት ፎቅ ይሁን፣ አዴ ፍቅርተ" አላት፣ ወይዘሮ ለማለት። "ከበር የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ይየው።"

ፍቅርተ ወረቀት አውጥታ ሣለች። አዳራሽ፣ አርባ ስምንት። የኦቦ ነገራ ቤት፣ አርባ። የእናት ቤት፣ ሠላሳ ሁለት። ሙሽሮች፣ ሃያ አራት። የእናት ቤት ብላ ስትጽፍ የራሷን ቤት ነው የጻፈችው። የራሷን ጎረቤቶች ነው በጣቷ የቆጠረችው። ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ስታንጎራጉር ዋለች፤ ለስንት ሴት የእናት ቤት ስትሠራ ኖራ አሁን ተራዋ ደረሰ።

ማታ ላይ ማኅሌት መጥታ ወረቀቱን አየችው። "አዮ፣ እማ ለሠርጌ ትመጣለች" አለች።

"እሰይ፣ ትምጣ" አለች ፍቅርተ።

"ይሄ የእናት ቤት ያልሽውን…" ማኅሌት ጣቷን ሠላሳ ሁለቱ ላይ አደረገች። "ለእማ እንስጣት? ይከፋት ይሆናል ብዬ ነው። አንቺ አይከፋሽም አይደል?"

ለምን አይከፋኝም ማለት ይቻል ነበር። ግን አንዳንድ ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። "ቶሌ፣ እሺ" አለች ፍቅርተ፣ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ያን ሌሊት ደግፌ አጠገቧ ሲያንኮራፋ እሷ ጣሪያ ስታይ አነጋች።

ሮማነወርቅ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት መጥታ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ አረፈች። ፍቅርተ እንከን ልታገኝባት ከእግር እስከ ራሷ ፈተሸቻት። አልወፈረችም። ጥርሷ ሙሉ ነው። ቀሚሷ ቀላልና ንጹሕ ነው። እጇ ብቻ እንደ አሮጊት እጅ ተሰነጣጥቋል፤ ፍቅርተ ይህን ስታይ ደስ ሊላት ሲገባ አላላትም፣ ዓይኗን ወደ ሌላ መለሰች። ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ግን ሰላምታው ነበር።

"እንደምን ነዎት እት ፍቅርተ? ልጄን አሳድገውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለቻት።

እኩያዋ ሆና አንቱ አለቻት። ፍቅርተ ይህን ነገር ለሦስት ሰው አወራችው። አሮጊት ነሽ ማለቷ ነው ብላ ደመደመች። አሳድገውልኛል ማለትስ ምን ማለት ነው? የጎረቤት በግ ነው እንዴ ያቆየሁላት? ደግፌ ደግሞ በአዘቦት ቀን ጺሙን ተላጭቶ ሱፉን አስተኩሶ ወጣ። ወዴት ነው ስትለው "ልጄን ልድር አይደል" አላት። ልጁን የሚድረው በሳምንቱ ነው። በመስኮት አጮልቃ ብታይ ደግፌና ሮማነወርቅ መንገድ ዳር ቆመው ይስቃሉ። ደግፌ ሲስቅ እንዲህ ትከሻው እንደሚነቃነቅ ረስታው ነበር።

በዚህ መሃል ኦቦ ነገራ ከጊንጪ ደወለ።

"አዴ ፍቅርተ፣ ሥዕሉን ሮባ በስልክ አሳየኝ። ይሄ እኮ ጂ ፕላስ ስሪ ነው።"

"ምን ማለት ነው፣ ኦቦ ነገራ? ባለ አራት ፎቅ አሉኝ፣ አራት ነው። ይቁጠሩት።"

"ምድሩንም ቆጠርሽው እንዴ? ምድር ቤት ፎቅ አይባልም። ባለ አራት ፎቅ ማለት ምድርና ከሱ በላይ አራት ነው፤ ይሄንን ልጆችም ያውቁታል። ለዘመዶቼ ሁሉ ጂ ፕላስ ፎር ብዬ ተናግሬያለሁ። ማሎ፣ እባክሽ፣ አታዋርጂኝ።"

በኬክ ላይ ምድር ቤት አይቆጠርም የሚል ሰው ፍቅርተ በዕድሜዋ አላጋጠማትም። ቢሆንም ሠርግ ነው፣ ማን ይጨቃጨቃል። ስልኩን ዘግታ ለማኅሌት ነገረቻት። ማኅሌት ሳቀች።

"ቀላል ነው እኮ አዮ። ከሥር አንድ ሰፊ ጨምሪበትና አዳራሹ ሁለቱን ይብላ። ሃምሳ ስድስት። የሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል።"

ትክክል ነበረች። ምንም የሚያሳስብ ነገር አልነበረውም። ፍቅርተ ግን ያን ሰዓት ከዓይኗ ፊት የነበረው የደግፌ ትከሻ ነው።

"ሃምሳ ስድስት ምድጃዬ አያስገባም" አለች።

ውሸት ነው። ምድጃው ስልሳ ያስገባል። ማኅሌት ምድጃውን አየች፣ ቀጥላ ፍቅርተን አየች።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ለሚዜዎቹ አንድ ቤት እሰጣቸዋለሁ። ከኦቦ ነገራ በላይ ይገባሉ። እነሱ ሠላሳ ሁለቱን ይወስዳሉ፣ የእናት ቤት ሃያ አራት ይሆናል።"

"ጫፉስ?"

እዚህ ላይ ፍቅርተ እርሳሷን ያዝ አደረገች። ጫፉ የማኅሌት ነው። እናትየዋን ስምንት ሳንቲ ከቀነሰቻት ልጅቷንም ስምንት ሳንቲ መቀነስ አለባት፤ ሃያ አራት ላይ ሃያ አራት ቢጫን አበባ የሚቀመጥበት ቦታ የለም፣ ደርብም አይባል። ሮማነወርቅን ነክታ ማኅሌትን የምትተውበት መንገድ አልነበረም። ይህን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። አውቃም እጇ ጻፈ።

"አሥራ ስድስት" አለች።

ማኅሌት ወረቀቱን ትንሽ አየችው። "ቶሌ አዮ" ብላ ወጣች። ለወትሮው ስትወጣ ጉንጯን ስማት ነበር የምትሄደው።

ሚዜ ከእናት የበለጠበት ሠርግ አምቦ ውስጥ ከዚያ በፊት አልታየም። ፍቅርተ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ወጉን ያወጣችው እሷ ናት። ሥራው ሲጀመር ታችኞቹን በየተራ ጋገረች፣ አራሰች፣ ለበጠች። አሥራ ስድስቷን ስትጋግር ግን እጇ ከበዳት። ከምድጃው ስታወጣት ከሻይ ሳህን እምብዛም አትበልጥም። እሷ ላይ ነው እንግዲህ ልጇን የምታቆማት። ጊዜም ዱቄትም ነበራት፤ ሃምሳ ስድስቱን ጋግራ ሁሉንም ወደ ቦታው መመለስ ትችል ነበር። ሰፊውን መጋገሪያ ከመደርደሪያው አውርዳ ቅቤ መቀባት እንደጀመረች ደግፌ ገባ።

"ሮማነወርቅ አንቺን ስታመሰግን ነው የዋለችው" አላት ደስ ብሎት። "ምን ዓይነት ሰው ሆናለች መሰለሽ። በሰለች፣ ረጋ አለች።"

ፍቅርተ መጋገሪያውን አጥባ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። እሷ ለሃያ ዓመት በምድጃ ሙቀት ስትበስል ማንም ልብ አለማለቱ አንጀቷን አሳረራት።

የሠርጉ ዕለት ኬኩ አዳራሹ መሃል ቆመ። ነጭ፣ ረዥም፣ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ። ሰው ሁሉ ወደደው። ኦቦ ነገራ ከሥር ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ "ምድር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ብሎ ረካ። ችግሩ የመጣው የሙሽራና የሙሽሪት አሻንጉሊቶቹን ለማቆም ሲሞከር ነው። የሙሽሪቷ ቀሚስ ጫፏን ብቻውን ሞላው። ሙሽራው በየት በኩል ቢገፋ አልገባ አለ። በመጨረሻ ፍቅርተ ሙሽራውን ከታቹ ባለው በእናት ቤት ላይ አቆመችው። እንግዳው ሳቀ፤ ገና ከአሁኑ አማቱ ቤት ገባ ተባለ። ማኅሌት ቬሏን እንዳደረገች ቀና ብላ አየችው። አልሳቀችም። ፍቅርተ ያን ፊት ላለማየት ጎንበስ ብላ ያልተበላሸ አበባ አስተካከለች።

ሮማነወርቅም ኬኩ አጠገብ መጣች። ደርቦቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ወጉን ነግረዋታል፤ የቷ የሷ እንደሆነች ታውቃለች። ፍቅርተ ጠበቀች። ፊቷ ይጠቁራል፣ ከንፈሯን ትነክሳለች ብላ ጠበቀች።

"እጅዎ የተባረከ ነው" አለች ሮማነወርቅ፣ ከልቧ።

ይህም ቀረባት። ልጅቷን ጎዳች፣ ስሟን ለወሬ ሰጠች፣ የፈለገቻት ሴት ግን አልተነካችም። ፍቅርተ ያን ዕለት ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድማ ወደ ቤቷ ሄደች።

መልሱ ባለፈ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ በሯ ላይ ቆመ። ሮማነወርቅ ጭኗ ላይ ካርቶን አስቀምጣ ተቀምጣለች። ደግፌ አልነበረም። ፍቅርተ በሩን ከፍታ ግቢ አለቻት፤ ሌላ ምን ይባላል። ሮማነወርቅ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው። ሃያ አራቷ ናት። አበባዎቿም አልተነኩም፤ ሙሽራው የቆመበት ቦታ ብቻ ትንሽ ጎድጉዷል።

"ትንሽ ናት፣ ይቅርታ" አለች ሮማነወርቅ። "ለአንቺ የሚገባው ሰፊ ነበር።"

አንቱታው ቀርቷል። ፍቅርተ ግን ያን ጊዜ ልብ አላለችውም፤ ጆሮዋ ላይ የቀረው ይቅርታው ነው። ለገዛ ተንኮሏ ይቅርታ ተጠየቀች።

"የአንቺ ድርሻ ናት እኮ" አለች። "ለአንቺ ብዬ ነው ያሳነስኳት። አውቄ ነው።"

"አውቃለሁ። ምድጃሽ ስልሳ ያስገባል። ማኅሌት ነግራኛለች።"

ፍቅርተ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። "ምን ብላ ነገረችሽ?"

"እንዳይከፋሽ እማ፣ አዮ ስትቀና እንደዚህ ናት፣ ሲያልፍላት ደግሞ ራሷ ትታመማለች አለችኝ። ስትነግረኝ ስቃ ነው።"

"ታዲያ አውቀሽ ለምን ይዘሽልኝ መጣሽ? ልታሳፍሪኝ?"

ሮማነወርቅ የተሰነጣጠቁ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አየቻቸው።

"የእናት ቤት ይግባ አይደል ወጉ? እኔ የትኛው ቤት ላስገባው? ያረፍኩት ፔንሲዮን ነው። ለማን ልቁረሰው፣ ለዘበኛው? ሃያ ዓመት የጠረግሁት የሰው ቤት ነው። ጎረቤት የለኝም። ልንገርሽ? ደርቧ አነሰችብኝ ብዬ አልቀናሁም። ልጄ የምድጃሽን ስፋት በሳንቲ ስትነግረኝ ነው የቀናሁት። የኔ ቤት ምን ይመስል እንደነበር ብትጠይቂያት አንድ ነገር አታውቅም። ያን ሌሊት አልተኛሁም።"

ፍቅርተ ቀና ብላ አየቻት። ያን ፊት ታውቀዋለች። የጠቆረ፣ ከንፈሩን የነከሰ፣ አዳራሽ ውስጥ ስትጠብቀው የቀረባት ፊት ነው። አሁን ደርሶ ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ የምታደርገው ጠፋት። ደስ አላላትም ማለት ውሸት ነው፤ ትንሽ ደስ ብሏታል። ከዚያ ደግሞ አፈረች።

ቢላ አመጣች፣ ሳህኖች ደረደረች። "ነይ፣ ጎረቤቶቹን አንቺ ጥሪያቸው" አለቻት። "የማኅሌት እናት ነኝ በያቸው።"

ሮማነወርቅ በር ላይ ቆማ ዞረች። "አንቺንስ ምን ልበልሽ?"

"እኔን ያውቁኛል" አለች ፍቅርተ።

ጎረቤቶቹ መጡ፣ ከነልጆቻቸው። ፍቅርተ እየቆረሰች፣ ሮማነወርቅ እየሰጠች አዳረሷቸው። ሠላሳ ሁለት ብትሆን ኖሮ ለሁሉም ደርሳ በተረፈች። ሃያ አራቷ ግን በር ላይ ከቆመችው የመጨረሻ ልጅ ጋር አለቀች፤ ለሁለቱ እናቶች የተረፈው ካርቶኑ ላይ የቀረው ክሬም ብቻ ነበር።